በሰፈሩት ቁና፦ የኤች.አይ.ቪ. ላቦራቶሪ አገልግሎትና የምዘናው ታሪክ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ፣ ከደሴ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መርሳ ይደርሳል። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን ሲሪንቃ፣ ከዚያም አልፎ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ወልድያ ትገኛለች። ወልድያ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቆቦና ወደ መቀሌ ይዘልቃል፣ ሌላው በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ ያመራል፣ ሦስተኛው በምሥራቅ ወደ ሚሌ ይወርዳል። እህልና ከብት፣ ነጋዴና ተማሪ፣ ሾፌርና ወታደር ሲመላለሱበት የኖሩት ይኸው መንገድ ካለፉት ሃያ ያህል ዓመታት ወዲህ አንድ ተጨማሪ ጭነት ይሸከማል፤ እርሱም በትናንሽ ብልቃጦች ተቀድቶ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ ወደ ላቦራቶሪ የሚጓዘው የሰው ደም ነው።

እህል በቁና በሚሰፈርበት ገበያ ብልህ ገዢ ከእህሉ አስቀድሞ የሚያየው ቁናውን ነው። ቁናው የጎደለ እንደሆነ የእህሉ ማማር ብቻውን አይጠቅመውም። አበው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ያሉት ስለ ሰው ሥራና ስለ ፍርድ ቢሆንም፣ ቃሉ ለማናቸውም መለኪያ የሚሠራ ነው። ላቦራቶሪም ሰፋሪ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ለመጀመር፣ ለመለወጥ ወይም ለማቆየት የሚወስነው ላቦራቶሪው ሰፍሮ በሚሰጠው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ መስፈሪያ ሲዛባ የሚጎድለው የሰው ዕድሜ ነው።

ስለሆነም «ሰፋሪውን ራሱን ማን ይሰፍረዋል? በምንስ መስፈሪያ?» የሚለው ጥያቄ በኤች.አይ.ቪ. መርሐ ግብር ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተነሣ፣ በየጊዜውም ምን መልስ እንዳገኘ፣ እንደ መርሳ ካለች የመንገድ ዳር ከተማ ሆኖ ለሚመለከተውም ምን እንደ ጎደለው ይመረምራል።

ምርመራው በአንድ ማዕከል በነበረበት ዘመን

ኤች.አይ.ቪ. በኢትዮጵያ መኖሩ በደም ናሙና የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። በዚያ ዘመን ምርመራው የሚካሄደው ኤላይዛ በተባለው ዘዴ ነበር። ይህም የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ፣ በትክክል የሚቀዳ ፒፔት፣ የቀለም ድምቀትን የሚያነብ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። በኤላይዛ ቫይረሱ አለበት የተባለ ደም ዌስተርን ብሎት በተሰኘ ሌላ ዘዴ እንደ ገና ይረጋገጣል። ይህን ሁሉ አሟልቶ የያዘው በአዲስ አበባ ያለው ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ነበር፤ ይኸውም ከፓስተር ኢንስቲትዩት ተነሥቶ በየዘመኑ ስሙ ሲለዋወጥ ቆይቶ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት የተባለው፣ ዛሬም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመባል የሚታወቀው መሥሪያ ቤት ነው።

የምርመራው ዋና ዓላማም የበሽታውን ስፋት ማወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በ23 ከተሞች በወሲብ ንግድ ይተዳደሩ በነበሩ ሴቶች ላይ የተካሄደ ጥናት ከመቶ 17 ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳየ። ይህ ጥናት አውራ ጎዳናዎች የንግድ መሥመር ብቻ ሳይሆኑ የበሽታው መተላለፊያም እንደሆኑ አመለከተ። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ በአገሪቱ ሕክምናው ስላልነበረ፣ የላቦራቶሪው ቁጥር የሚያገለግለው በይበልጥ የመንግሥትን ዕቅድ እንጂ ደሙን የሰጠውን ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አንድ አዲስ ነገር አመጣ። ሲዲ4 የተባሉትን፣ ቫይረሱ በተለይ የሚያጠቃቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት መቁጠር በአገር ውስጥ ተቻለ። ከዚሁ ምርምር የተገኘው አንድ ውጤት ለመለኪያ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥራቸው በአማካይ ከሆላንዶች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌላ አገር ሕዝብ ላይ የተሠራውን «ጤናማ ልክ» እንዳለ መቀበል ጤነኛውን እንደ በሽተኛ ሊያስቆጥር ይችል ነበር። ቁናውን ከመጠቀም አስቀድሞ በየትኛው አገር እህል እንደ ተሞከረ መጠየቅ እንደሚገባ ይህ በግልጽ አስተማረ።

መድኃኒቱ ሲመጣ የቁጥር ክብደት

የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ፣ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነፃ መሰጠት ሲጀምር የላቦራቶሪው ሥራ ባሕርይ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ለአገር የሚቆጥረው ላቦራቶሪ ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው መቁጠር ነበረበት። በዚያ ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው መመሪያ መሠረት የበሽታው ምልክት ያልጠናበት ሰው መድኃኒት የሚጀምረው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያሉት የሲዲ4 ሕዋሳት ከ200 በታች ሲሆኑ ነበር። ስለዚህ 198 እና 220 በሚሉት ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት «ዛሬ ጀምር» እና «ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለስ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለ ልዩነት ሆነ።

ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን ማየት ይጠቅማል። በሥራ ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው የሚሰጡት ሲዲ4 ከሊምፎሳይት ሕዋሳቱ ውስጥ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ጠቅላላው የሊምፎሳይት ቁጥር ከሌላ የደም መቁጠሪያ መሣሪያ ይወሰዳል። ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ ሰው ሊምፎሳይት 2,000፣ የሲዲ4 ድርሻው ከመቶ 11 ቢሆን ውጤቱ 220 ነው። ሁለተኛው መሣሪያ በወቅቱ ካለመስተካከሉ የተነሣ ከመቶ 10 እጅ አሳንሶ 1,800 ቢያነብ ግን ውጤቱ 198 ይሆናል። መሣሪያው ቢያበዛም እንዲሁ በተቃራኒው ይሳሳታል። በሁለት መሣሪያዎች ላይ የቆመ ቁጥር የሁለቱንም ስሕተት ይወርሳል። ወረቀቱ ላይ ታትሞ የሚወጣው ቁጥር ግን ስሕተት እንዳለበት የሚያስታውቅ ምልክት የለውም፤ ትክክለኛውም ሐሰተኛውም በአንድ ዓይነት ቀለም ይታተማል።

በዚህ ላይ የርቀት ጉዳይ ይታከላል። ለሲዲ4 ቆጠራ የሚቀዳ ደም በተለመደው አሠራር ከ48 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መመርመር አለበት። መቁጠሪያዎቹ በሆስፒታሎችና በትላልቅ ላቦራቶሪዎች ብቻ በነበሩበት ዘመን በሐብሩ ገጠር የሚኖር ሕመምተኛ ወይ ራሱ ተሳፍሮ መሄድ፣ ወይ ደሙን የሚያደርስለት ሰው ማግኘት ነበረበት። መብራት ከጠፋ፣ ሪኤጀንት ካለቀ ወይም መሣሪያው ከተበላሸ «ሌላ ቀን ና» መባሉ ነው። የትራንስፖርት ገንዘቡን ከጎረቤት ተበድሮ ለመጣ፣ ጉልበቱም ለደከመ ሰው «ሌላ ቀን» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም።

ከቆጠራ ወደ ምዘና

መርሐ ግብሩ በፍጥነት በተስፋፋባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የላቦራቶሪ አገልግሎት መሻሻል የሚገለጠው በአብዛኛው በቆጠራ ነበር፤ ስንት መሣሪያ ተገዛ፣ ስንት ባለሙያ ሠለጠነ፣ ስንት ምርመራ ተካሄደ የሚለው ሪፖርቱን ይሞላዋል። ይህ ቆጠራ አስፈላጊ ቢሆንም አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድነት ደባልቆ ያያል። መሣሪያው አለ ወይ? መሣሪያው ይሠራል ወይ? የሚሰጠው ውጤት ትክክል ነው ወይ? ትክክለኛውስ ውጤት ለሐኪሙና ለታካሚው በጊዜው ይደርሳል ወይ? የመጀመሪያውን «አዎን» ብሎ መመለስ ለቀሩት ሦስቱ ዋስትና አይሆንም።

የመሣሪያዎቹ ዓይነት መብዛትም ራሱን የቻለ ችግር ፈጠረ። የተለያዩ ለጋሾች የተለያዩ ፋብሪካዎችን ምርት ያመጣሉ፤ ከዘመናዊ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ደግሞ የሚቀበሉት የሠሪያቸውን ሪኤጀንት ብቻ ነው። አንዱ ሆስፒታል የተረፈው ሪኤጀንት ጊዜው ሲያልፍበት ጎረቤቱ በእጦት ይዘጋል፤ የአንዱን ጥገና የተማረ ቴክኒሽያንም ለሌላው እንግዳ ነው። በጥር 2000 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ የተሰበሰቡ መንግሥታትና ድርጅቶች ምርመራዎችና መሣሪያዎች በየደረጃው አንድ ወጥ እንዲሆኑ ተነጋግረው፣ የላቦራቶሪን ሥርዓት ስለ ማጠናከር መግለጫ አወጡ። የመግለጫው ፍሬ ነገር ለአንድ በሽታ ብቻ የሚቆም ላቦራቶሪ ሳይሆን ሁሉንም የሚያገለግል ብሔራዊ ሥርዓት ይገንባ የሚል ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ በሐምሌ 2001 ዓ.ም. በኪጋሊ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ጽሕፈት ቤትና ተባባሪዎቹ ላቦራቶሪዎችን በደረጃ ወደ ዓለም አቀፍ እውቅና የሚያደርስ የምዘና መንገድ ይፋ አደረጉ። መዛኙ በመጠይቅ እየተመራ 12 ዘርፎችን ይመረምራል። ከእነዚህም መካከል ሰነድና መዝገብ፣ የሠራተኛ አደረጃጀት፣ የመሣሪያ አያያዝ፣ የዕቃ ግዥና ክምችት፣ የሥራ ሂደት ቁጥጥር፣ ስሕተትን መዝግቦ ማረም፣ የሕንጻና የሠራተኛ ደኅንነት ይገኙበታል። ከመቶ 55 በታች ያገኘ ኮከብ አይሰጠውም፤ ከ55 ጀምሮ አንድ ኮከብ ያገኛል፣ ከዚያም በየ10 ነጥቡ አንድ ኮከብ እየጨመረ 95ና ከዚያ በላይ ያገኘ አምስት ኮከብ ይይዛል። ለምዘናው መሠረት የሆነው የሕክምና ላቦራቶሪዎችን ጥራት የሚደነግገው አይሶ 15189 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ኢትዮጵያም ይህን መንገድ ቀድመው ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበርም በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሥርቶ መቀመጫውን እዚያው አድርጓል።

የኮከቡ ዘዴ ትልቁ ጥቅም «ጥሩ» እና «መጥፎ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ይልቅ ደረጃ ማበጀቱ ነው። በዜሮ የተነሣ ላቦራቶሪ በቀጣዩ ዓመት አንድ ኮከብ ሲያገኝ ምን እንዳሻሻለ ያውቃል። ከዚህም በላይ የጥራትን ሥራ ከአንድ ሰው ትጋት አውጥቶ ወደ ልማድ ይለውጠዋል። ለምሳሌ በየማለዳው የታካሚ ደም ከመነካቱ በፊት ልኩ አስቀድሞ የታወቀ መቆጣጠሪያ ናሙና ይመረመራል። ውጤቱ በሠንጠረዥ ላይ በነጥብ ይመለከታል። ነጥቦቹ በአማካዩ ዙሪያ ሲበተኑ መሣሪያው ደኅና ነው፤ ለተከታታይ ቀናት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ ግን፣ ገና ከተፈቀደው ወሰን ሳይወጡ፣ ብልሽት እየመጣ መሆኑን ይናገራሉ። ድልድይ ከመሰንጠቁ አስቀድሞ መጉበጡን እንደ መለካት ያለ ነው። በዚህ ላይ የውጭ ፈተና ይጨመራል፤ ማዕከላዊው ላቦራቶሪ መልሱን ደብቆ የሚልካቸው ናሙናዎች በየላቦራቶሪው ይመረመሩና መልሶቹ ይነጻጸራሉ። ሰፋሪው በሰፈረበት ቁና የሚሰፈረው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለት ለአንድ የተባለው ፍርድ

ምዘና ምን ያህል የሰውን ሕይወት እንደሚነካ በይበልጥ የሚታየው በፈጣን ምርመራ ታሪክ ነው። ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጡት መመርመሪያዎች አገልግሎቱን ከማዕከላዊ ላቦራቶሪ አውጥተው ወደ ጤና ጣቢያዎች አደረሱት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሚሊኒየም የኤድስ ዘመቻም ብዙ ሕዝብ ተመረመረ። ይህ ያለ ጥርጥር ታላቅ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ መመርመሪያው ቀላል መስሎ ቢታይም ሕግ አለው። አብዛኛው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት እንዲቀመጥ አይፈቀድም፤ ውጤቱም ከተወሰነው ደቂቃ በፊትም ሆነ በኋላ መነበብ የለበትም። ደብዘዝ ብላ የምትታይ መሥመር በደካማ ብርሃን ለአንዱ አለች፣ ለሌላው የለችም። ከሁሉም በላይ የሒሳብ ሕግ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ያለ አዋቂዎች ከመቶ አንድ ያህል ነበሩ። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል 1,000 ሰው ቢመረመር 10 ያህሉ ቫይረሱ ያለባቸው ናቸው። መመርመሪያው ከመቶ ጤነኞች 99ኙን በትክክል የሚለይ ቢሆን እንኳ ከ990 ጤነኞች 10 ያህሉን በስሕተት «አለባቸው» ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው መመርመሪያ «አለበት» ከተባሉት 20 ሰዎች ግማሾቹ ጤነኞች ናቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርመራ የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው።

በኢትዮጵያ ለዓመታት የተሠራበት ቅደም ተከተል ኬ.ኤች.ቢ. በተባለው መመርመሪያ ጀምሮ በስታት-ፓክ የሚያረጋግጥ፣ ሁለቱ ሲለያዩ ደግሞ ዩኒ-ጎልድ የተባለውን ሦስተኛ እንደ ዳኛ የሚያስገባ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ውጤት ይጸናል። በሽምግልና ወግ ላደገ ሕዝብ ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሁለት ሽማግሌ የተስማሙበት ነገር ይጸናልና። ነገር ግን መመርመሪያዎች እንደ ሽማግሌ አይመካከሩም። ተመሳሳይ ነገር በሚያሳስታቸው ደም ላይ ሁለቱ በአንድነት ሊሳሳቱ ይችላሉ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ባካሄደው ምዘና፣ ይኸው የሦስተኛ ዳኛ አሠራርና ደብዛዛ መሥመሮችን እንደ ሙሉ ውጤት መቁጠር ጤነኞችን ቫይረሱ እንዳለባቸው አድርጎ ለመፈረጅ ዋና ምክንያት መሆኑ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የዳኛው አሠራር እንዲቀር መከረ። ውጤቶቹ ሲለያዩ «አልተወሰነም» ተብሎ ሰውየው ከ14 ቀን በኋላ እንዲመለስ፣ መድኃኒት ከመጀመሩም በፊት በሌላ ናሙና እንደ ገና እንዲመረመር ሆነ።

የሌለበትን በሽታ «አለብህ» የተባለ ሰው ትዳሩ ይፈርሳል፣ በዕድሜ ልክ መድኃኒትም ይታሰራል። ይህን ስሕተት ያወጣው የአንድ ባለሙያ ቅሬታ ወይም የአንድ ታካሚ ጩኸት አልነበረም። የሰፋሪው ቁና በሌላ ቁና ስለ ተሰፈረ ነው የታየው።

ፖስታ ቤቱ ደም ሲጭን

መሣሪያን በየጤና ጣቢያው ማዳረስ እንደማይቻል ከታወቀ በኋላ የቀረው መንገድ ናሙናውን ወደ መሣሪያው መውሰድ ነበር። በመጀመሪያ ይህ ሥራ በላቦራቶሪ ሠራተኛው ትከሻ ላይ ወደቀ። ሠራተኛው ሣጥኑን ይዞ በአውቶቡስ በሚሄድበት ቀን ላቦራቶሪው ያለ ሰው ይቀራል፤ ናሙናው ሲፈስ፣ ሲሞቅ ወይም ስሙ ሲደበዝዝ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የናሙና ዝውውሩ ክፍተት በመንግሥትና በተባባሪ ድርጅቶች በጋራ ተመዘነ። ከዚያም የጤና ተቋማት በካርታ ላይ ተለይተው፣ የጉዞ መሥመርና የሰዓት ሠሌዳ ወጥቶላቸው፣ ናሙናውን የማድረሱ ኃላፊነት ለኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት ድርጅት ተሰጠ።

ይህ በአገሪቱ የላቦራቶሪ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ነው። ፖስታ ቤት የአንድን ዕቃ ባለቤትነት ሳያሳስት፣ ተቀባዩን እያስፈረመ፣ በተወሰነ ቀን ማድረስ ከቆየ ሙያው ነው። አዲስ የተማረው ደምን እንደ ደብዳቤ አለመቁጠርን ነበር፤ ብልቃጡ ፈሳሽ በሚመጥ ነገር ተጠቅልሎ፣ በማያፈስ ሁለተኛ ዕቃ ገብቶ፣ በጠንካራ ሦስተኛ ሣጥን መታሸግ እንዳለበትና ቅዝቃዜው መጠበቅ እንዳለበት ሠራተኞቹ ሠለጠኑ። ለመርሳ ዓይነቷ ከተማ ይህ ማለት ሕመምተኛው ከቀዬው ሳይነቃነቅ ደሙ ብቻውን ተጉዞ መልስ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው።

የዚህ ጉዞ ዋጋ በይበልጥ የሚታየው በሕፃናት ምርመራ ነው። ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል እስከ 18 ወር ድረስ በደሙ ሊቆይ ስለሚችል፣ ተራው ፈጣን ምርመራ ለሕፃን አያገለግልም፤ የቫይረሱን ዘር ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል። ስለሆነም ሕፃኑ በተወለደ በስድስተኛው ሳምንት ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ ይወሰድና ደርቆ ይላካል። ቫይረሱ ካለባቸውና ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። ውጤቱ ትክክል ሆኖ ከዘገየ ለሕፃኑ ከስሕተት የማይሻልበት ጊዜ አለ።

የቫይረሱን መጠን የመለካት ዘመን

ሲዲ4 መድኃኒት ለማስጀመር ያለው ሥልጣን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑን እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገ፤ በ2015 ደግሞ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ቁጥር ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምር አለ። ሲዲ4 የደከመውን ሕመምተኛ ለመለየት እስከ ዛሬ ቢያገለግልም፣ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግረው ዋናው መለኪያ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሆነ። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,000 በላይ የቫይረስ ቅጂ የተገኘበት ታካሚ በመድኃኒት አወሳሰዱ ላይ ምክር ተሰጥቶት ከሦስት ወር ያህል በኋላ እንደ ገና ይመረመራል፤ መጠኑ ካልወረደ መድኃኒቱ ይለወጣል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላው አያስተላልፍም።

የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር ያወጣው የሦስቱ 90 ግብ ሦስተኛው ክፍል፣ ይኸውም መድኃኒት ከሚወስዱት ከመቶ 90 በሚሆኑት ላይ ቫይረሱን ማዳከም፣ ያለ ላቦራቶሪ ሊታወቅ የማይችል ነው። መመርመሪያዎቹ ግን ትላልቅና ውድ ስለሆኑ የሚቀመጡት በጥቂት ማዕከላት ነው። ለሰሜን ወሎ ቅርብ የሆነው ደሴ ያለው የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ የመርሳው ታካሚ መልስ እንደ ገና በዚያው 90 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ተንጠለጠለ።

በአገልግሎቱ ላይ የደረሰው ፈተና

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወልድያና ወደ መርሳ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደሴ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ በአካባቢው ያሉ አያሌ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ወይም ተጎድተው ቆዩ። ናሙና ላኪውም፣ መንገዱም፣ ናሙና ተቀባዩም በአንድ ጊዜ ተናጉ። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት አንዱ ጉልቻ ሲንሸራተት ይደፋል፤ በዚህ ጊዜ ሦስቱም ተንሸራተቱ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም የትራንስፖርቱን ሥራ ደጋግሞ አሰናክሏል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። በዚያው ርዳታ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል መቋረጡ ተገለጸ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተገነባው የኤች.አይ.ቪ. ላቦራቶሪ አገልግሎት ሪኤጀንቱም፣ ሥልጠናውም፣ የጥገና ውሉም በብዛት በውጭ ገንዘብ የቆመ እንደ ነበር ይህ አጋጣሚ አጋለጠ።

ከታሪኩ የሚቀሰም ትምህርት

ከ1976 ዓ.ም. አካባቢ እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ ሲጠቃለል ሦስት ነገር ያስተምራል።

አንደኛው፣ የተመዘነው ነገር ተሻሽሏል። የውጭ ፈተና የተላከለት ላቦራቶሪ ስሕተቱን አውቋል፤ የፈጣን ምርመራው ቅደም ተከተል ተመዝኖ ታርሟል፤ የናሙናው ጉዞ ተመዝኖ ፖስታ ቤቱ ተገኝቷል።

ሁለተኛው፣ ያልተመዘነው ግን እንደ ጎደለ ቀርቷል። የኮከብ ምዘናው ዓይኑን የሚጥለው በይበልጥ ከላቦራቶሪው ግድግዳ ውስጥ በሚሠራው ላይ ነው። ደሙ በመርሳ በስንት ሰዓት እንደ ተቀዳ፣ ስሙ በትክክል ተጽፎ እንደሆነ፣ ውጤቱ ከደሴ ከወጣ በኋላ በስንተኛው ቀን በታካሚው መዝገብ ላይ እንደ ሰፈረና ሐኪሙም አይቶት ምን እንዳደረገ ኮከቡ አይናገርም። አምስት ኮከብ ያለው ላቦራቶሪ ትክክለኛ ውጤት አውጥቶ ወረቀቱ በመሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። እንዲሁም የመዛኙ ቀን ሲደርስ የሚሞላ መዝገብ፣ መዛኙ ሲሄድ የሚረሳ ሠንጠረዥ መኖሩ ለሙያው ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ምዘናው መርፌው ከገባበት ክንድ ተነሥቶ ውጤቱ እስከሚገባበት እጅ ድረስ መዘርጋት ይኖርበታል፤ የመጨረሻው መለኪያም በጊዜው የተመለሰና ሥራ ላይ የዋለ ውጤት ቁጥር መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው በተለይ የምሕንድስናን ሙያ ይመለከታል። መብራት ሲወርድና ሲወጣ መሣሪያውን የሚጠብቀው ስታብላይዘር፣ ሥራ ላይ ያለውን ምርመራ የሚያስጨርሰው ባትሪ፣ የክፍሉን ሙቀት የሚያስተካክለው የሕንጻ አሠራር፣ የመለዋወጫው ክምችትና በአገር ቋንቋ የተጻፈው የጥገና መመሪያ ከመሣሪያው ግዥ ጋር በአንድ ውል መታሰብ አለባቸው። መሣሪያ ሲገዛ ዋጋው የሚሰላው ለአሥር ዓመት ከሚያስፈልገው ሪኤጀንትና ጥገና ጋር ሊሆን ይገባል። የውጭ ገንዘብ ሲመነምን በመጀመሪያ የሚቋረጠው ጥገናና ቁጥጥር ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ያለ እነርሱም ቁጥር ማተሙን አያቆምም። አደጋውም ይህ ነው፤ የቆመ መሣሪያ ራሱን ያጋልጣል፣ እየሠራ የሚሳሳት መሣሪያ ግን ማንም ሳያውቅበት ሰው ይጎዳል።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የተዘረፈው መሣሪያ በግዥና በርዳታ የሚተካ ነው። በየማለዳው መቆጣጠሪያ ናሙና የመመርመር፣ ስሕተትን ሳይደብቁ የመመዝገብ፣ ጥርጥር ያለበትን ውጤት ከመላክ ይልቅ ደሙን እንደ ገና የመጠየቅ ልማድ ግን በገንዘብ አይገዛም። ይህን ልማድ የያዘ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ባለበት ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። በመርሳ መንገድ ዳር ሣጥኑን ለፖስታ ቤቱ መኪና የሚያስረክበው ሠራተኛ ቀንና ሰዓቱን አስተካክሎ ሲጽፍ፣ በደሴ የሚቀበለውም የሣጥኑን ቅዝቃዜ አይቶ ሲፈርም፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ የአንድን ሰው ዕድሜ በትክክለኛ ቁና ይሰፍራሉ።